ቴፑን ያስተካከልኩ ለታ

አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። ለዚህች ነው አሥራ አንድ ወር የፈጀሁት። በአሥራ አንድ ወር ሰው አርግዞ ይወልዳል፣ አራስነቱንም ይጨርሳል። እኔ ግን ባለቤቱ ጠፍቶ የቀረ ጊታር ታቅፌ፣ በሕይወት የሌለ ሰው ጣቶች እንዴት እንደሮጡ ሳሳድድ ከረምኩ። ሞኝ አትበሉኝ አልልም። በሉኝ። እንዲያውም ያኔ የሚለኝ ሰው ባገኝ ነበር የሚሻለኝ።

ሥራዬ ቴፕና ራዲዮ መጠገን ነው። ሱቄ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ያለች፣ ቀጥ ብዬ ከቆምኩ አናቴን የምትመታኝ ክፍል ናት። ቀኑን ሙሉ ሰው ከራሴ በላይ ሲወጣና ሲወርድ ስለሚውል፣ ፊታቸውን ሳላይ በጫማቸው ድምፅ የማውቃቸው ብዙ ናቸው። የእሷን ጫማ ከሁሉም ቀድሜ ነው የለየሁት። ሦስት ደረጃ ፈጠን ብላ ትወርድና አራተኛው ላይ ታመነታለች፣ አንድ ነገር እንደረሳች ሁሉ።

እሷ ፎቁ ላይ ያለው ፋርማሲ ውስጥ ናት የምትሠራው። እናቷ ደግሞ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ፤ ግማሹ ከተማ በእሳቸው እጅ ነው ያለፈው። ዛሬም ጡረታ ወጥተው በመንገድ ሲያልፉ ሽማግሌ ሳይቀር ሸሚዙን ወደ ሱሪው ይከታል። እኔ ያው ደረጃ ሥር ነኝ። በመካከላችን ያለውን ርቀት ለማወቅ ደረጃውን መቁጠር ይበቃል፤ ሃያ ሁለት ናቸው። ስንት ጊዜ እንደቆጠርኳቸው አትጠይቁኝ።

ነገሩ የተጀመረው የቤታቸው ቴፕ ካሴት መብላት ሲጀምር ነው። ትልቅ፣ ጥቁር፣ እጀታው የተሰበረ አሮጌ ቴፕ ነበር። ተሸክማው መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ “ታድነዋለህ?” አለችኝ። ከፈትኩት። ካሴቱን የሚስበው ላስቲክ ቆሽሾ ነው፤ ጠረግኩትና አለቀ። እዚያ ላይ ብተወው ኖሮ ይህን ታሪክ አታነቡትም ነበር። ግን እኔ የሚጎተት ቴፕ ስሰማ ጥርሴን ነው የሚያመኝ፤ ያ ቴፕ ደግሞ ይጎተት ነበር። ከከፈትኩት አይቀር ብዬ ከሞተሩ ኋላ ባለችው ቀዳዳ ካቻቢቴዬን አስገብቼ፣ ትንሿን ብሎን አዞርኩና ፍጥነቱን ልክ አገባሁት። ማንም አልጠየቀኝም።

“ፍጥነቱንም አስተካክዬልሻለሁ” አልኳት ልትወስደው ስትመጣ። “እሱ ምርቃት ነው።”

“ይጎተት ነበር እንዴ?” አለች። “እኛ እኮ ስንሰማው ነው የኖርነው።”

“ጆሮ የለመደውን አያማም።”

ፈገግ አለች። እናንተዬ፣ በዚያች ፈገግታ ነው ያለቀልኝ።

*

ከዚያ በኋላ የእሷ ትንሽ የእጅ ራዲዮ በየሳምንቱ መታመም ጀመረች። ራዲዮዋ ምንም አልሆነችም፤ ባትሪ ብቻ ነው የሌላት። ባትሪው በሚገባበት ቦታ ደብዳቤ ነበር የሚገባው። የምትጽፈው በመድኃኒት ፖስታ ላይ ነው፤ ክኒን የሚከተትባት፣ “ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ” የሚል የታተመባት ትንሽ ወረቀት። የመጀመሪያው ላይ ሦስቱም ፊት ምልክት አድርጋ፣ “ናፍቆት። ከምግብ በፊትም፣ በኋላም” ብላ ጻፈችልኝ። እኔ ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ።

አክስቴ ናት ያሳደገችኝ፤ እስከ ዛሬም አብረን ነው የምንኖረው። ምሳ ልታደርስልኝ ስትመጣ ያቺን ራዲዮ ጠረጴዛዬ ላይ ታያለች። “ይቺ ራዲዮ ከእኔ ጉልበት የባሰች በሽተኛ ናት” ትላለች። “መድኃኒቱ ፎቅ ላይ፣ ሐኪሙ ምድር ላይ። እንዴት ትዳን!”

ሳቅንበት። ስቀን ሳንጨርስ ይቺ ደብዳቤ መጣች፦

“መሐንዲሴ፣

ትናንት ለእማዬ ስለ አንተ ነገርኳት። ገና ሳልጨርስ ከወንበሯ ተነስታ መስኮቱን ዘጋች። ሙቀት ነበር። ‘ደረጃ ሥር ያለው ቴፕ ሠሪ?’ አለችኝና መኝታ ቤቷ ገባች። ለምን እንደሆነ አሁን አትጠይቀኝ፤ አንድ ቀን ራሴ እነግርሃለሁ። ሥራ ልስጥሽ ያለኝ ሩቅ ያለው ሆስፒታል ደግሞ መልሴን እየጠበቀ ነው። እማዬ ይሁን ካለች እቀራለሁ። እምቢ ካለች ይዣት እሄዳለሁ። አንድ ልጇን ቀብራለች፤ እኔ በቁሜ ልቧን ሰብሬ አላገባም። ይህን ስጽፍ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። የመድኃኒት መጠን ብጽፍበት ኖሮ ሰው እጨርስ ነበር።”

ለምን እንደሆነ መጠየቅ ለምን ያስፈልገኛል? ደረጃ ሥር! በቃ፣ ተናግረውታል። ልጃቸውን ያስተማሩት ጎንበስ ብሎ ለሚገባና ጎንበስ ብሎ ለሚወጣ ሰው ሊሰጡ አይደለማ። ወረቀቷን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ቀኑን ሙሉ የነካሁት ነገር ሁሉ ያቃጥለኝ ነበር፤ የምበይድበት ካውያ ብቻ አይደለም።

*

በሳምንቱ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ያለ ራዲዮ መጣች። በመሐረብ የተጠቀለለ ካሴት ከቦርሳዋ አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠች። እጇን ወዲያው አላነሳችም።

“ወንድሜ ነው” አለች።

ወንድሟን በፎቶ አውቀዋለሁ። ግላም ሮክ የሚባለውን የፈረንጅ ሙዚቃ የሚጫወት የሰፈር ባንድ ነበረው። ባለ ረጅም ተረከዝ ቡትስ አድርጎ፣ ዓይኑን ተኳኩሎ፣ የእናቱን የሚያብለጨልጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር መድረክ የሚወጣው። እናትየው መጀመሪያ በአርጩሜ ሊያባርሩት ፈልገው ነበር አሉ፤ በኋላ ግን የሸሚዙን አንገት ራሳቸው አስፍተው ሰፉለት። በቤት ውስጥ “ብልጭልጩ” ነበር የሚባለው። ሳንባው ታሞ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል።

“አንድ የድሮ የግላም ሮክ ዘፈን ነበር የሚወደው” አለች። “መሀሉ ላይ ጊታሩ ብቻውን የሚጫወትበት ሶሎ አለው። ጠዋት ማታ እሱን ነው። አንድ ቀን የቤታችንን ቴፕ አጠገቡ አስቀምጦ ራሱን ቀዳ። ‘አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት’ ይልና ይጀምራል፣ ሲጨርስ ይስቃል። ከእሱ የቀረን ድምፅ ይሄ ብቻ ነው። እማዬ ሁልጊዜ አሥር ሰዓት ላይ ትሰማው ነበር። አሁን ትታለች። መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበት፣ ሰርቄ ነው ያመጣሁት።”

“ለምን ተዉት?”

ዓይኗን ወደ ካውያዬ መለሰች። “እንጃ... አርጅቷል መሰለኝ። ብቻ አንተ ተማረውና ፊቷ ተጫወትላት። በሕይወት ካለ ሰው እጅ ትስማው። ከዚያ ስለ እኛ እንነግራታለን።”

“ጊታር አልችልም እኮ!”

“ቴፕስ ከእናትህ ሆድ ነው ተምረህ የወጣኸው?”

“ስለማመድ መጥተሽ ትሰሚኛለሽ?”

“አልሰማም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከእማዬ ጋር ነው የምሰማው። እስከዚያ ሆስፒታሉን በሰበብ አቆየዋለሁ። ቃል ግባልኝ።”

ቃል ገባሁ። ዓይኗ ውስጥ ልትናገረው ፈልጋ የዋጠችው ነገር ነበር። አየሁት። ፍቅር ነው አልኩና ደስ አለኝ።

*

ጊታሩን አንድ ሰው ከሦስት ዓመት በፊት ለጥገና አምጥቶት እንደወጣ ቀርቷል። ቀይ ነው፣ ጎኑ የተሰነጠቀ። ካሴቱን ቤት ባለው ቴፔ አስገባሁት፤ የእኔ ቴፕ ደግሞ ፍጥነቱ እንደ ሰዓት ነው። “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!” አለ ብልጭልጩ። ድምፁ ቀጭን ነው፣ ገና ያልጎረመሰ ልጅ ይመስላል። እንዲህ ነበር ለካ አልኩና አለፍኩት። በሕይወቱ ሲናገር ሰምቼው አላውቅማ።

ከዚያ ሶሎው መጣ። ቆርቆሮ ላይ በረዶ የወረደ ነው የመሰለኝ።

አጠፋሁት። ቁጭ ብዬ ጣቶቼን አየሁ። ከዚያ ከመጀመሪያዋ ድምፅ ጀመርኩ፤ መጀመሪያ ጊታሩን እሱ በቃኘው ልክ ቃኘሁ፣ ቀጥሎ አንዷን ድምፅ፣ ቀጥሎ ሁለተኛዋን። ካሴቱን በእርሳስ እያጠነጠንኩ ወደ ኋላ እመልሳለሁ፣ እሰማለሁ፣ እሞክራለሁ። ዋናውን ዘፈን ፈልገህ ስማ ያለኝ ሰው ነበር። እምቢ አልኩ። እናትየው የሚያውቁት የልጃቸውን ነው፣ እኔም የምፈልገው የልጃቸውን ነው።

ሥራ ውዬ እገባለሁ፣ ቁራሽ ጎርሼ እቀመጣለሁ። የጣቶቼ ጫፍ ቆሰለ፣ ደረቀ፣ እንደገና ቆሰለ። ክሩን ገፋ አድርጎ የሚያስለቅስበት ቦታ አለ፤ እኔ ገና ሳስለቅስ እሱ አልፎኝ ሄዷል። አክስቴ ሁለት ጆሮዋ ላይ ጥጥ ወትፋ ወጥ ቤት ሆና ትሰማለች።

“ይሄ ልጅ ሲጫወት ሽንት ይዞት ነበር እንዴ?” አለችኝ አንድ ቀን።

“አክስቴ! ሙት አይነቀፍም።”

“መች ነቀፍኩት? ጠየቅኩ እንጂ። ምን እንዲህ ያስሮጠዋል? አንተስ ሚስት አገባለሁ ብለህ ጣትህን ልትቀብር ነው?”

ልብ ብዬ ብሰማት ኖሮ! ያቺ ፊደል ያልቆጠረች ሴት፣ ጥጥ በጆሮዋ ወትፋ፣ እኔ ከተማ ያወቀኝ ቴፕ ሠሪ ያልሰማሁትን ሰምታ ነበር። እኔ ግን ጥፋቱን በሙሉ በጣቶቼ ላይ ነው የጫንኩት። እሱ የዳይሬክተር ልጅ ሆኖ ይሮጣል፣ እኔ ደረጃ ሥር ሆኜ እንዴት እደርስበታለሁ አልኩ። ሰባተኛው ወር ላይ ጊታሩን አልጋ ላይ ጥዬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። በማግስቱ ራዲዮዋ መጣች። “በርታልኝ። ዛሬ መድኃኒት የምወስደው እኔ ነኝ፤ የአንተን ስም፣ በባዶ ሆድ” ይላል ወረቀቱ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

በአሥራ አንደኛው ወር አንድ ቅዳሜ ከብልጭልጩ ጋር እኩል ጀምሬ እኩል ጨረስኩ። አንዲት ድምፅ አላመለጠችኝም። መጨረሻው ላይ ሲስቅ እኔም አብሬው ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ በጨረስን ቁጥር አብረን መሳቅ ልማድ ሆነብን። ወንድሜ እለው ጀመር። ከማንም የማላንስ ሰው መሆኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማኝ ያኔ ነው።

*

እሁድ ከሰዓት በኋላ በራቸውን አንኳኳሁ። የታጠበ ሸሚዝ፣ የተወለወለ ጫማ፣ በአንድ እጄ ጊታር፣ በሌላው ትንሽ አምፕሊፋየር። ኪሴ ውስጥ ደግሞ የብልጭልጩ ካሴትና፣ እንደ ልማዴ፣ ካቻቢቴዬ።

እናትየው ናቸው የከፈቱት። ፊቴን አላዩም፤ እጄን ነው ያዩት። “ግባ” አሉ። ሳሎኑ ከወለል እስከ ጣሪያ መጽሐፍ ነው። ብልጭልጩ ግድግዳው ላይ በእናቱ ሸሚዝ ቆሞ ይስቃል። ያ ጥቁር ቴፕ ጥግ ላይ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። እሷ ከእናቷ ወንበር ጀርባ ቆማ ነበር፤ ስታየኝ ዓይኗ እንባ ሞላ። ያቺን እንባ አይቼ ጊታሩን አምፕሊፋየሩ ላይ ሰካሁ።

“እማዬ፣ አንድ ነገር ሊያሰማሽ ነው” አለች። “እስኪጨርስ ዝም ብለሽ ስሚው። ስለ እኔ ብለሽ።”

ተጫወትኩ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ለአንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ፣ ደረጃ ሥር አልነበርኩም። ጣቶቼ ሮጡ፣ አንዲትም አልሳቱም። ስጨርስ፣ ልማድ ነውና፣ ሳቅሁ።

ዓይኔን ገለጥኩ። እሷ አፏን በእጇ ይዛለች፤ የደስታ አያያዝ አልነበረም። እናትየው ተነስተው ቆመዋል።

“ጨረስክ?” አሉኝ።

“አዎ፣ እትዬ።”

“መጀመሪያ ድምፁን ወሰድክብኝ። አሁን ደግሞ ቤቴ ድረስ መጥተህ ታሾፍበታለህ?”

“እማዬ!”

“አንቺ ዝም በይ! ልጄ እንዲህ ነበር የሚጫወተው? እንዲህ እንደ ተባረረ ሌባ? ልጄ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዷን አስለቅሶ ነበር የሚጫወተው! ድምፁ ወፍራም ነበር፤ ስልክ ሲያነሳ የሚደውሉት ሰዎች አባወራ ያነሳ ይመስላቸው ነበር። አንተ ያንን ቴፕ ከነካኸው ቀን ጀምሮ እንደ ጫጩት ነው የሚንጫጫው። ልጄን በጫጩት ድምፅ ከምሰማው ብዬ ቆለፍኩበት። አንተ ደግሞ ያንኑ ጫጩት ተምረህ መጣህ፤ ከነሳቁ!”

ቴፑን ከነካኸው ቀን ጀምሮ። ካልተማሩ ሰዎች ምን እጠብቃለሁ አላሉም፣ ደረጃ ሥር አላሉም። በእኔ ላይ የያዙት ቂም ሌላ ነበር፤ ቂሙም ልክ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴፑ ድሮም ይጎተት ነበር። ብልጭልጩ በሚጎተት ቴፕ ቀዳ፣ እነሱም በዚያው በሚጎተተው ሰሙት። ጎታታ የቀዳውን ጎታታው ራሱ ሲያጫውተው ድምፁ ልክ ይመጣል። እኔ ያልተጠየቅኩትን አስተካክዬ ቴፑን ባፈጠንኩት ቀን ልጃቸው መሮጥ ጀመረ፣ ድምፁም ቀጠነ። እኔ ደግሞ ያንን ሩጫ አሥራ አንድ ወር አሳደድኩ። የተማርኩት ማንም ሰው ተጫውቶት የማያውቀውን ነገር ነው። ቴፕ ሠሪ ነኝ እኮ! ከተማው ውስጥ ይህን ማወቅ የነበረበት አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ።

“እትዬ” አልኩ። “ካሴቱ አልተበላሸም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ግን ድምፁ አለ። እዚያው ውስጥ አለ። እመልስልዎታለሁ፣ አሁኑኑ!”

ጨርቁን ገለጥኩ። ከኪሴ ካሴቱን አውጥቼ አስገባሁ፣ ካቻቢቴዬን በሞተሩ ቀዳዳ ሰካሁ። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን አድርጌላቸው እንዴት እምቢ ይሉኛል?

“ልክ ሲሆን ይንገሩኝ።”

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አዞርኩ። የጫጩቱ ድምፅ ወረደ፣ ጎረመሰ፣ ሰው ሆነ።

“እሱ ነው!” አሉ እናትየው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። “ልጄ... ትንሽ ዝቅ አድርገው። ትንሽ። አይ፣ አለፈ። መልሰው።”

መለስኩት።

“እዚህ ጋ ነው፣ እማዬ!” አለች እሷ።

“አይደለም። ይሄ ልጅ ነው። ዝቅ አድርገው... አይ፣ ይሄ ደግሞ ሽማግሌ ነው።”

አጠነጠንኩ፣ ከፈትኩ፣ አዞርኩ። አጠነጠንኩ፣ ከፈትኩ፣ አዞርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስንት ጊዜ እንደቆጠረልን አላውቅም። ጊታሩን በምን ነበር የሚቃኘው ብዬ ጠየቅኩ፤ ከቃናው ልይዘው እችላለሁ ብዬ ነው። “በምንም” አለችኝ። “በጆሮው። ሲከፋው ዝቅ፣ ደስ ሲለው ከፍ።” ቴፑን ያስተካከልኩ ለታ ብሎኑን ምን ያህል እንዳዞርኩት ላስታውስ ሞከርኩ። ከዚያ ቀን የማስታውሰው ፈገግታዋን ብቻ ነው።

“ይሄ ነው እልሻለሁ!” አለች እሷ።

“የወንድምሽን ድምፅ ረሳሽው እንዴ?”

“አንቺ ነሽ የረሳሽው፣ እማዬ!”

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ልትመልሰው ፈለገች። እናትየው ቀስ ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ግማሽ ከተማ በስም የሚያውቁ ሴት፣ ከሃያ ዓመት በፊት ያስተማሩትን ልጅ በመንገድ ድምፁን ሰምተው የሚለዩ ሴት።

“አላውቅም” አሉ። “ይሄም እሱ ይመስለኛል፣ ያኛውም እሱ ይመስለኛል። የዛሬ ዓመት ብትጠይቁኝ ኖሮ በእንቅልፌ እለየው ነበር። አሁን አላውቅም።”

ካሴቱ እየዞረ ነበር። ሶሎው አልቆ ሳቁ መጣ፤ የማን እንደሆነ ከእንግዲህ ማንም ሊምል የማይችልበት ሳቅ።

“እዚያው ተወው” አሉ።

“እትዬ፣ አንዴ ደግሜ ልሞ...”

“አሁን ያለበት ላይ ተወው። ልጄ ይሄ ነው።”

የስብሰባ ቃለ ጉባኤ እንደሚዘጉ ነበር ያሉት። ብሎኑ እዚያ ጋ የቆመው እኔ እጄ ስለደከመ ነው። ሦስታችንም እናውቃለን። ካቻቢቴዬን አውጥቼ ኪሴ ከተትኩት።

“ና ወደዚህ” አሉኝ። ሄጄ ፊታቸው ተንበረከክኩ። እጄን ይዘው የጣቶቼን ጫፍ ዳበሱ። “አሥራ አንድ ወር?”

“አዎ።”

“የልጄም ጣት እንዲህ ይሻክር ነበር።” እጄን ለቀቁ። “አልረግምህም። ክፋት እንደሌለብህ ዛሬ ገብቶኛል። ደረጃ ሥር መሆንህንም ከቁም ነገር ቆጥሬው አላውቅም፤ እኔ ራሴ የልብስ አጣቢ ልጅ ነኝ። ግን አንተን ባየሁ ቁጥር ‘ይሄ ድምፅ እውነት የእሱ ነው?’ እላለሁ። ካላየሁህ ቀስ በቀስ አምነዋለሁ። የቀረኝ ነገር እሱን ማመን ነው። ስለዚህ ከዛሬ በኋላ አትምጣብኝ፣ የኔ ልጅ። እለምንሃለሁ።”

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ለቁጣ አሥራ አንድ ወር ሙሉ ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ። ልመናቸውን ሰምቼ ግን ጊታሩን አነሳሁ።

*

እስከ ውጭው በር ሸኘችኝ። ሁለታችንም ጊታሩን ነበር የምናየው።

“ለምን አልነገርሽኝም?” አልኳት። “ያበላሸሁት እኔ መሆኔን ለምን አልነገርሽኝም?”

“ብነግርህ ፊቷ ትቆም ነበር? አውቅሃለሁ እኮ። የቴፑን ስም ለአንድ ቀን እንኳ አታነሳም ነበር፤ በኀፍረት ትሞታለህ። ተጫውቶ ሲያስደስታት ያኔ ይወቀው አልኩ።”

“ብትነግሪኝ በአንድ ደቂቃ አውቀው ነበር! ያኔውኑ እመልሰው ነበር፣ ገና ሳይረሱት!”

ይህን ማለት አልነበረብኝም። ቀለሟ ሲለወጥ አየሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ለፍቅራችን ብላ የቆለፈችው ምሥጢር የወንድሟን ድምፅ እንዳስረሳ በእኔ አፍ ሰማች። ልመልሰው ብዬ እጄን ዘረጋሁ፤ ግን የወጣ ቃል እንደ ካሴት በእርሳስ አይጠነጠንም።

“ሳትረሳው” አለች፣ ለራሷ። “እኔ ነኝ ያስረሳኋት። አንተ በማታውቀው ነው፣ እኔ በማውቀው።”

“እንሂድ” አልኳት። “ጥለን እንሂድ። የትም።”

“ማንን ጥለን?”

ከውስጥ የቴፑ ቁልፍ ቀጭ ሲል ተሰማ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አለ። ሁለታችንም ጆሯችንን ጣል አደረግን፣ እሱ ነው ወይስ አይደለም ብለን። እሷ የእኔን ፊት አየች፣ እኔ የእሷን አየሁ፤ እናትየው ምን ማለታቸው እንደነበር ያኔ በደንብ ገባኝ። እኔና እሷ አንድ ቤት ብንገባ እንኳ ዕድሜያችንን በሙሉ የምናዳምጠው ይህንኑ ነበር። የጣቶቼን ጫፍ አንድ በአንድ ነካካቻቸውና በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ልቤ እዚያ ደጃፍ ላይ ቀረ፤ የቀረው ሰውነቴ ጊታር ተሸክሞ ወደ ቤት ሄደ።

*

ሰው ከራሴ በላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። ፋርማሲው አዲስ ሠራተኛ አስገብቷል፤ ከባድ ጫማ ነው የሚያደርገው፣ የትኛውም ደረጃ ላይ አያመነታም። ጊታሩን ክሩን አላልቼ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ባለቤቱ ከመጣ ይውሰደው። ቴፕ የሚያመጡ ሰዎች ፍጥነቱንም እይልን ሲሉኝ፣ መጀመሪያ ቤት ውስጥ የቀዳችሁት ድምፅ አለ ወይ እላቸዋለሁ። ምን አገባህ በሚል ዓይን ያዩኛል።

ባለፈው ማክሰኞ አክስቴ ከምሳዬ ጋር አንድ ነገር በፌስታል ይዛ መጣች። “እናቷን ይዛ ልትሄድ ስትል ቤት ድረስ መጥታ ሰጠችኝ፤ ለእሱ አድርሱልኝ ብላ” አለች። ራዲዮዋ ነበረች። አክስቴ ስለ በሽተኛዋ አልቀለደችም። ምሳዬን አስቀምጣ ጉልበቷን እየያዘች ወጣች።

ለብዙ ደቂቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አየኋት። ምን ብላ ጽፋልኝ ይሆን? ጠዋት ላይ ነው ምልክት ያደረገችው፣ ማታ ላይ? እጄን በሱሪዬ ጠረግሁና ክዳኗን ከፈትኩ።

ወረቀት የለም። ሁለት አዲስ ባትሪዎች ገብተውባታል።

ክዳኗን መልሼ ቁልፏን አዞርኩ። ጥርት ብላ አወራች፤ የሚጠገን ምንም ነገር አልነበራትም።